የመሶቡ እግር የማን ነው

መጽሐፉን ያመጣችው የልጅ ልጄ ናት። የምትማርበት ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ሙዚየም አለው፤ ሙዚየሙ ስለ ዕቃዎቹና ስላሳያቸው ዐውደ ርእዮች መጽሐፍ አሳትሞ ስለነበር አንዱን ተውሳ ይዛልኝ መጣች። ወረቀቱ ወፍራም ነው፤ ያብረቀርቃል። እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ። ማንበብ ግን አልተውኩም፤ ጣቴን ከመስመሩ በታች እያስኬድኩ ቀስ ብዬ አነባለሁ። መስቀሎቹን፣ ሥዕሎቹን፣ የብራና መጻሕፍቱን አልፌ መሶቦቹ ጋ ስደርስ ጣቴ ቆመ።

መሶቡን አውቀዋለሁ። ክዳኑ ላይ ቀይና ጥቁር የተነከረ አለላ እንደ መሰላል እየተያያዘ ይወጣል። ከሥሩ የተጻፈው የአንዲት እመቤት የእጅ ሥራ እንደሆነና ቤተሰቧ ለሙዚየሙ እንዳበረከተው ነው። ስሟ ከነማዕረጉ ሰፍሯል። እዚህ አልደግመውም፤ የማንንም ስም እዚህ አልጽፍም።

እመቤቲቱ ጎንደር ከተማ ትልቅ ግቢ የነበራት ሴት ነበረች። እናቴ ከወገራ ወርዳ እዚያ ቤት አገልግላለች፤ እኔም ጓሮው ውስጥ ነው ያደግኩት። እመቤቲቱ ክፉ አልነበረችም፤ ለእንቁጣጣሽ ቀሚስ ትገዛልኝ ነበር። ወስፌ ግን ጨብጣ አታውቅም።

«ይህን የሰፋችው እናቴ ናት» አልኩ።

«እምዬ፣ መሶብ ሁሉ እኮ ይመሳሰላል» አለች የልጅ ልጄ።

«ለአንቺ በግም ሁሉ ይመሳሰላል። እረኛ ግን አይሳሳትም።»

እናቴ ግራኝ ነበረች። በልጅነቷ ቀኟን ትልመድ ብለው ግራ እጇን በመቀነት ያስሩባት ነበር። ለምግብ ቀኟን ለመደች፤ ወስፌ ስትይዝ ግን ከግራዋ በቀር የሚታዘዛት አልነበረም። ቀኝ እጅ የሰፋው ስፌት ነፋስ እንደመታው ገብስ ወደ አንድ በኩል ይጋደማል። የእናቴ ወደ ሌላው በኩል ነበር የሚጋደመው። መጽሐፉን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ ከጎኑ ካለው መሶብ ጋር አስተያየሁት። ክዳኑ የእሷ ነው። ገበታውም የእሷ ነው። ለልጅ ልጄ አሳየኋት፤ ዓይኗን አጥብባ አየች፤ ጣቷንም በስፌቱ ላይ አስኬደች። ያቺ ልጅ ካልተከራከረች አምናለች ማለት ነው።

በማግስቱ ነጠላዬን አጣፍቼ ሙዚየሙ ሄድኩ። ኃላፊው የመጨረሻ ልጄን የሚያህል ሰው ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ።

«እማማ፣ መጽሐፉ እኮ በባለሙያ ተጠንቶ ነው የተጻፈው» አለኝ።

«ከባለሙያዎቹ ወስፌ የያዘ አለ?»

ፈገግ አለ። «ቤተሰቡ የነገሩንን ነው የጻፍነው።»

«እነሱ የነገሩህን ከጻፍክ እኔ የምነግርህንም ጻፍ። ካልሆነም የሁላችንንም ተወው።»

ሰውየውን አልበድለውም፤ ሌላ ቢሆን ለዘበኛው አስረክቦኝ ነበር። ነጭ ጓንት አጥልቆ መሶቡን አወጣ፤ ሌላ መሶብም ከጎኑ አስቀመጠ። የክዳኑንና የገበታውን ስፌት አቅጣጫ አሳየሁት። እያጎነበሰ ሁለቱን አመሳከረ። ከዚያ መነጽሩን አወለቀና «ይህን ዕቃ የመዘገብኩት በገዛ እጄ ነው፤ ይህን ግን አላየሁም» አለ።

«አሁን አየህ። ከክዳኑ እስከ እግሩ የእናቴ እጅ ነው፤ ማርያምን።»

ስሟን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት፤ ጻፈው። እንዴት ነው የሚጻፈው ብሎ ፊደሉን ሳይቀር አጣራ። እናቴ በሕይወቷ ስሟን በጣት አሻራ ነበር የምትፈርመው። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። መሶቡን መልሶ ሊያስቀምጠው ከፍ ሲያደርገው እግሩ ፊቴ መጣ።

የእግሩ ስፌት የሚጋደመው ቀኝ እጅ እንደሰፋው ነው።

ኃላፊው አላየውም። መሶቡን ቦታው መልሶ ጓንቱን አወለቀ፤ በሚቀጥለው እትም እንደሚስተካከል ነገረኝ። እኔም አልነገርኩትም። በማርያም ስም ምዬ ወጣሁ።

ሦስት ቀን ቤቴ ተቀመጥኩ። ነፍስ አባቴ ዘንድ አልሄድኩም፤ የሚሉኝን አውቀው ነበር። ልብ ሲፈልግ ይረሳል እንጂ የእግሩን ነገር ድሮም አውቅ ነበር። ጓሮው ውስጥ የሚሰፉት ሁለት ሴቶች ነበሩ። ክርናቸው እንዳይጋጭ እናቴ ሁልጊዜ በግራ በኩል ነው የምትቀመጠው። በቀኝ በኩል የምትቀመጠው ደግሞ የደንቢያ ሴት ነበረች፤ ድምፀ ቀጭን፣ እየሰፋች የምታዜም። እኔ መሀላቸው ሆኜ አለላውን በየቀለሙ እለያለሁ። አንድ ቀን ሴትዮዋ ዕቃዋን ቋጥራ አገሯ ሄደች። እናቴ ከዚያ ወዲያ ስሟን አንስታ አታውቅም። ስለ መሶቡ ስታወራም «እኔ ሰፋሁት» ነበር የምትል። «እኛ» ስትል ሰምቼ አላውቅም።

ዝም ብል የሚያውቅብኝ አልነበረም። እመቤቲቱ የማታውቀውን ሥራ በስሟ ይዛ መገኘቷ አናዶኝ ነበር እስከ ሙዚየም የሄድኩት። ታዲያ የእናቴ ስም ሌላ ሴት የሰፋችው እግር ላይ ሲቆም ዝም ካልኩ ከእመቤቲቱ ልጆች በምን እሻላለሁ?

የደንቢያዋ ሴትዮ ልጅ እዚያው አገሯ ኮላ ድባ ገበያ ሽምብራ እንደምትሸጥ ለቅሶ ላይ ሰምቼ ነበር። በገበያ ቀን መጽሐፉን በፌስታል ጠቅልዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሽምብራ ተራ ደርሼ ስጠይቅ በጣት አሳዩኝ። በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት፤ ጥቁር ጃንጥላ ዘቅዝቃ ተቀምጣለች። ማን እንደሆንኩ ነገርኳት።

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «የግራኟ ልጅ። ምነው፣ መንገድ ጠፋሽ?»

«አልጠፋኝም፤ አንቺን ብዬ ነው።»

«ስድሳ ዓመት ሙሉ ያላልሽውን ዛሬ ምን ታየሽ? ሽምብራ ልትገዢ ከሆነ ቁጭ በይ፤ ዕርቅ ከሆነ ሽማግሌ ይዘሽ ነይ።»

ቁጭ አልኩ። መጽሐፉን ገልጬ ጉልበቷ ላይ አስቀመጥኩት። ፊደል አታውቅም፤ ሥዕሉን ግን ቀና ሳትል ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ጣቷን እግሩ ላይ አሳረፈች።

«ይኼ የእማዬ ነው። ላዩ የእናትሽ።»

«እኔም ያንን ልነግርሽ ነው የመጣሁ።»

«ምኑን ትነግሪኛለሽ? እኔ ነኝ የምነግርሽ። እመቤቲቱ እንግዳ ሰብስባ መሶቡን አስወጣችና ማን ነው የሰፋው ብላ ጠየቀች። እናትሽ እኔ አለች። እማዬ አጠገቧ ቆማለች። እመቤቲቱ ኩታ አስመጥታ እናትሽን አለበሰቻት። እማዬ እስክትሞት ድረስ 'ኩታዋን ለብሳ ዝም አለች' እንዳለች ነው።»

ኩታውን አውቀዋለሁ። ጥለቱ አረንጓዴ ነበር። እናቴ ለጥምቀት ብቻ ነበር የምትለብሰው፤ ሲበርደኝ እኔንም ታስገባኝ ነበር። «እውነትሽን ነው» ብቻ አልኳት።

እንዲህ ስላት ትንሽ በረደች። ሽምብራዋን በእጇ አስተካከለች።

«እና አሁን ምን ልሁን ነው የምትዪ? ስሟ ቢጻፍ አጥንቷን አያነሳው። እኔ ፊደል አላውቅ። ተይኝ እስቲ፣ እታለም።»

«እሺ፣ እተውሽ። እዚህ ላይ የተጻፈውን ግን ላንብብልሽ።» ጣቴን እያስኬድኩ አነበብኩላት። የእመቤቲቱ ስም፤ የእጅ ሥራዋ።

«ማን ሰፋው ይላል?»

«እሷ።»

«እሷ? ወስፌን ከመርፌ ለይታ የማታውቅ?» አጠገቧ ወደተቀመጠችው ነጋዴ ዞር አለች። «ሰማሽ? እመቤቲቱ መሶብ ሰፍታለች አሉ። ነገ ደግሞ ያረሰችው እሷ ናት ይሉናል።» ሽምብራዋን ለነጋዴዋ በአደራ ሰጥታ ነጠላዋን አራገፈች። «ቆዪኝ፤ ቤት ደርሼ ልምጣ።»

ተመልሳ ስትመጣ እጇ ላይ ትንሽ ሙዳይ ነበር፤ እናቷ የሰፋችላት። አፉ ዙሪያውን ጥቁር አለላ እንደ ጥርስ ተደርድሮበታል። የመሶቡ እግር ታችኛው ዙርም እንደዚያው ነው።

ሙዚየሙ ስንደርስ ኃላፊው ሁለታችንን ባንድ ላይ ሲያይ ብድግ አለ። «ያን ዕለት በሐሰት ምያለሁ» አልኩት፤ ሌላ ወሬ ሳላስቀድም። «ክዳኑና ገበታው የእናቴ ነው። እግሩ የዚህች እናት ነው። አውጣና እይ።»

አወጣው። ሙዳዩን ከእግሩ አጠገብ አስቀመጠ። የስፌቱን መጋደም አየ፤ የጥቁሩን አለላ ጥርስ አየ። «እማማ፣ ባይነግሩኝ እኮ አላውቅም ነበር» አለኝ።

«እኔ ግን አውቅ ነበር።»

ሁለቱንም ስም በሚቀጥለው እትም እጽፋለሁ አለ። መቼ ነው የሚታተመው ብዬ ጠየቅኩት። እንጃ፣ ምናልባት ከአራት ከአምስት ዓመት በኋላ አለኝ። እኔ የአምስት ዓመት ቀጠሮ የምይዝበት ዕድሜ ላይ አይደለሁም፤ እንዲያው ነገርኩት። ሳቀና የታተሙት መጻሕፍት መጋዘን ውስጥ በካርቶን እንዳሉ፣ ማረሚያ ብጣሽ ወረቀት አትሞ ገጹ ላይ መለጠፍ እንደሚቻል ተናገረ። የሚለጥፍ ሰው ግን የለኝም አለ።

«እኛ ምን እንሠራለን ታዲያ?» አለች የኮላ ድባዋ።

ብጣሹን ለማተም ተቀምጦ «ማንን ላስቀድም?» ሲል ጠብ መጣ።

«የእኔን እናት» አልኩ። «የሚበልጠውን የሰፋችው እሷ ናት።»

«መሶብ በክዳኑ ይቆማል እንዴ? እግር ነው የሚቀድም። ደግሞ እናትሽ አንዴ ቀድማለች፤ በኩታ።»

ኃላፊው በፊደል ተራ እናድርገው አለ። በፊደል ተራ የምትቀድመው እናቴ ሆነች። የኮላ ድባዋ ፊደልም የእናንተው ነው ብላ ፊቷን አዞረች። እውነቷን ነበር። ለአንዷ ፈርዶ ሌላዋን ማስቀየም ያው የእመቤቲቱ ፍርድ ነው።

«ግማሹን ብጣሽ የእኔን እናት አስቀድመህ አትም» አልኩት። «ግማሹን የእሷን።»

«እማማ፣ አንድ መጽሐፍ ሁለት ዓይነት ሊሆን?»

«መሶቡስ ሁለት ዓይነት አይደለም ወይ?»

አተመ። መጋዘኑ ውስጥ በርጩማ ተሰጠን። የልጅ ልጄ ካርቶኑን እየከፈተች ታቀብላለች፤ እኔ ገጹን እፈልጋለሁ፤ የኮላ ድባዋ ሙጫ ትቀባለች። ሳናስበው እሷ በቀኝ በኩል፣ እኔ በግራ በኩል ተቀምጠን ነበር። ብጣሹን በያንዳንዱ መጽሐፍ ስለጥፍ አንዴ ካንዱ ክምር፣ አንዴ ከሌላው ነው የማነሳው። እሷ ማንበብ ስለማትችል ትጠራጠራለች፤ በየመሀሉ «ይኼ የማን ነው?» ትላለች። «ያንቺ።» «ይኼስ?» «የኔ።» አንድ ጊዜ የኔን ሁለቴ አከታትዬ ለጥፌ ኖሮ ያዘችኝ፤ በፊደሉ ቅርጽ ለይታ።

«የግራኟ ልጅ» አለችኝ። «እሷም እንደ እናቷ ኩታ መደረብ ያምራታል።»

«ዓይኔ ነው፤ አይታየኝም።»

«ለራስሽ ሲሆን ይታይሻል።»

ቀጥለን የእሷን ሁለት ለጠፍን።

ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። ስንጨርስ ኃላፊው ለያንዳንዳችን አንድ አንድ መጽሐፍ ሰጠን። እሷ ገልጬ የእናቷን ስም እንዳሳያት ጠየቀችኝ። ጣቷን ይዤ ስሙ ላይ አሳረፍኩላት፤ ከታች ነበር። «ከላይ ያለበት የታለ?» አለች። የኔ መጽሐፍ ላይ ነበር። ተለዋወጥን። ኮላ ድባ የምትሄድበት መኪና ላይ እስክሳፍራት ድረስ መጽሐፉን ፌስታል ውስጥ አላስገባችውም፤ ገጹ ውስጥ ጣቷን እንዳደረገች ነው የሄደች።

ኃላፊውን የምጠይቀው አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር፤ ከእኛ በፊት ከመጋዘን የወጡት መጻሕፍት የት እንደደረሱ። የልጅ ልጄ የተዋሰችው ላይ እዚያው ለጥፈናል። አንዱ ለከተማው ቤተ መጻሕፍት ተሰጥቷል፤ አንዱ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው፤ አንዱን ደግሞ የእመቤቲቱ ቤተሰብ ወስደዋል። የተረፉትን ብጣሾች ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጥሬያለሁ፤ ሙጫው ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ሰኞ ይከፈታል። እስከ ፒያሳ በባጃጅ እሄዳለሁ፤ ከዚያ በእግሬ። የእመቤቲቱን ቤተሰብ ቤት ግን ብቻዬን አላንኳኳም፤ ለዚያ የኮላ ድባዋን እጠብቃታለሁ።