ስሜን ያውጡልኝ

ወደ ቡራዩ በሚሄደው ሚኒባስ ሰብለወርቅ አጠገብ የተቀመጠው ሰው ላፕቶፑን ደረቱ ላይ አጥብቆ አቅፎታል። ሸሚዙ ተተኩሷል፤ ጢሙ ግን ከተላጨ ሰንብቷል። ረዳቱ በሩን በከፈተ ቁጥር ይበረግጋል። ስልኩ ሲጠራ አፉን በመዳፉ ከልሎ አነሳው።

«ጋሼ፣ ድርጅቶች ፋይላቸውን በኢንተርኔት እንዲያስቀምጡበት የምንሸጥላቸው የክላውድ አካውንት በስምህ ይሁን ሲሉኝ ለጊዜው ነው ብለው ነበር። አሁን ማን እንዳስገባቸው የማላውቃቸው ሰዎች የደንበኞቹን ፋይል እየከፈቱ ነው። ፖሊስ የሚይዘው ግን በወረቀት ባለቤት የተባለውን፣ እኔን ነው። እባክዎ ስሜን ከአካውንቱ ያውጡልኝ!»

አዳመጠ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። «እሺ፣ የሚተካኝ ሰው ካገኘሁ...»

ስልኩን ሲዘጋ ዓይኑ ሰብለወርቅ ጭን ላይ ባለው የሥራ ማመልከቻ ላይ አረፈ።

«እህቴ፣ ሥራ እየፈለግሽ ነው?» አላት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብሎ።

ሰብለወርቅ ስሟ ያለበትን ወረቀት ገለበጠችው። መውረጃዋ ገና ሩቅ ነበር።

«ወራጅ አለ!» ብላ ጮኸች።