የጎደለችው አንዲት ጭረት

ልጅ እያለሁ የምጠረጥረው ሰው ከማምነው ይበዛ ነበር። ለዚህ ተጠያቂዋ አያቴ ናቸው፤ "ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር" እያሉ ነው ያሳደጉኝ። እናቴ ሞታ አባቴ እቴ የሺን ሲያገባ ደግሞ ጥርጣሬዬ ቋሚ ሥራ አገኘ። ወተቱ ቢቀጥን እሷ፣ ዶሮ ብትጠፋ እሷ፣ እኔው ራሴ እርሳሴን ብጥል እንኳ እሷ ናት። የእንጀራ እናት ምን እንደምታደርግ ማንም እንዲነግረኝ አያስፈልግም ነበር፤ በተረት ሰምቼ ጨርሻለሁ።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ አባቴ እግሩን ሊታከም ከሽንዲ አጠገብ ካለው መንደራችን ወደ ፍኖተ ሰላም ሄደ። በዋዜማው ማታ ደጅ ቆመን ገና የታየችውን ቀጭን ጨረቃ አሳየኝና "ይች ጠፍታ እንደገና እንዲህ ብቅ ስትል እመጣለሁ" አለኝ። ለእቴ የሺ ያላትንም ሰምቻለሁ፤ ልጄን ካስከፋሻት ወደ እናትሽ ቤት ትመለሻለሽ ብሏታል። ያችን ቃል እንደ ከረሜላ በጉንጬ ይዤ ከረምኩ።

ከማግስቱ ጀምሮ በየማታው የጓዳው ግድግዳ ላይ በከሰል አንድ አንድ ጭረት አሰምር ጀመር። ወር ሠላሳ ቀን መሆኑን ትምህርት ቤት ተምረናል፤ ጨረቃስ ከወር በምን ልትለይ? ወሩ ሲጋመስ እቴ የሺ ቤቱን በእበት ለቀለቀችው፤ ለቀናት ቤታችን እርጥብ እበትና ጭድ ሸተተ።

ጨረቃ የታየች ማታ ሮጬ ገብቼ የዕለቱን ጭረት አሰመርኩና ቆጠርኩ። ሃያ ዘጠኝ። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ያው ነው። አንዷን ጭረት ማን እንዳጠፋት ለእኔ ግልጽ ነበር። አባቴ በማግስቱ እያነከሰ ሲደርስ፣ ገና ጫማውን ሳያወልቅ፣ "አባባ፣ እቴ የሺ አንድ ቀኔን ለቅልቃ አጠፋችብኝ" ብዬ ለቅሶዬን ለቀቅኩት።

ፊቱ ጠቆረ። እሷ "የልጅቱን አልነካሁም" አለችና ዓይን ዓይኑን ታየው ጀመር። ደስ አለኝ። ዛሬ ስጽፈው አፍራለሁ፣ ያኔ ግን ደስ አለኝ።

አባቴን እንኳን ለቤትህ አበቃህ ሊሉ የመጡት ጎረቤታችን መሪጌታ ነገሩን ሰምተው ሳቁ። "ጨረቃ እኮ እንደኛ ወር ሁልጊዜ ሠላሳ አትደፍንም ልጄ። አንዱን ወር ሃያ ዘጠኝ፣ አንዱን ሠላሳ እያለች ነው የምትሄድ። ቆጠራሽ ልክ ነው፤ ማንም አልነካብሽም።"

እሳቸውንም ጠረጠርኳቸው። አባቴ ግን እጄን ይዞ ጓዳ አስገባኝ። ግድግዳው ሁሉ አዲስ ልቅልቅ ነው፤ የእኔ ጭረቶች ባሉበት ብቻ አንድ ክንድ ያህል አሮጌው ግድግዳ እንደተሰነጣጠቀ ቀርቷል። ዳር ዳሩን በጣቷ እየተጠነቀቀች ዞራዋለች። ያኔ ገና ላልተሰመሩት ቀናት የሚሆን ቦታ ሳይቀር ትታልኛለች። እኔ በየማታው እዚያው ቆሜ ጭረቴን እንጂ ዙሪያውን አላየሁም።

አባቴ ይቅርታ ጠየቃት። እኔ አልጠየቅኳትም።

ዛሬ ቡሬ ነው የምኖረው። ስልኬን ብነካው ጨረቃ ዙሯን ለመጨረስ ሃያ ዘጠኝ ቀን ተኩል ገደማ እንደሚፈጅባት ይነግረኛል፤ ከሰል ይዞ ማታ ማታ የሚቆጥር ልጅ በሰፈራችን የለም። አባቴ ካረፈ ወዲህ እቴ የሺ ከእኔ ጋር ናት፤ እርጅናው ተጭኗታል። በቀደም ጋቢዋን ሳለብሳት፣ ዕድሜ ልኬን ለእሷ ወጥቶኝ የማያውቀውን፣ "እማዬ" አልኳት።

ቀና ብላ በጥርጣሬ አየችኝ።

"ምነው፣ ምን አጥፍተሽ ነው?" አለችኝ።