የሆሞሻ ውሃ እና «የተደገመው» ፎልደር

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አሶሳ በምሠራበት የውሃ መመርመሪያ ቤተ ሙከራ የሆነውን እጽፋለሁ። የምጽፈው ልቤን ለማሳረፍ አይደለም፤ ጥፋቱ እስከ ዛሬ «የቴክኒክ ችግር» ተብሎ ስለሚጠራ ነው።

የተለያየ ነገር የሚለኩ ሁለት መመርመሪያ መሣሪያዎች አሉን። የአሮጌውን ውጤት የሚያነበው የአንድ ሶፍትዌር የቀድሞ ቨርዥን ብቻ ነው፤ የአዲሱን ደግሞ የኋለኛው። ሁለቱ በአንድ ቦታ ከተጫኑ አንዱ የሌላውን ፋይል ይደመስሳል። ስለዚህ ውጤቱ ሁሉ በሚቀመጥበት ዋና ኮምፒውተር፣ በሊኑክስ ሰርቨራችን ላይ ሁለቱንም በእጄ ጭኜ፣ ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ፎልደር ሰጥቼ፣ ወደየፎልደሩ የሚመራ ሊንክ አበጅቼ ነበር። ይህንንም ለኃላፊያችን አስረድቻለሁ። መጠባበቂያ ዲስክ እንዲገዛ ያቀረብሁትን ጥያቄ ግን የተመለከተው የለም።

ከዚያ ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። ግቢው ተጠረገ፤ አጥሩ ኖራ ተቀባ። ኃላፊውም እኔ ናሙና ልወስድ ቶንጎ በሄድሁበት ቀን ሰርቨሩን «አጸዱ»። ስመለስ የቀድሞው ቨርዥን ፎልደር የለም፤ ሊንኩ የሚመራው ወደ ባዶ ነው።

ለምን እንዳጠፉት ጠየቅኋቸው።

«ዶክተር፣ አንድ ዓይነት ነገር ሁለት ቦታ ምን ይሠራል? እንግዳ ቢያየው ዝርክርኮች አይለንም?»

እንግዶቹ የሰርቨሩን ክፍል በር እንኳ አልከፈቱም።

በዚያው ሰሞን ከሆሞሻ አዲስ ጉድጓድ የመጣ ናሙና በአሮጌው መሣሪያ ተመርምሮ፣ ውጤቱ ሳይነበብ ቀረ። ሶፍትዌሩን መልሼ እንዳላወርድ ኢንተርኔት ተቋርጧል። ጉድጓዱ ተዘግቶ እንዲቆይ በጽሑፍ አሳሰብሁ። ኃላፊው ግን መዘግየቱ እንዳያስጠይቃቸው «በጊዜያዊነት» እንዲከፈት ፈረሙ።

ከቀናት በኋላ የመንደሩ ውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሐጃ ዘይነብ አሶሳ ድረስ መጡ፤ በተሰባበረ አማርኛቸውም ጠየቁኝ።

«ዶክተር፣ ልጆች ጠጣ። ሆዱ አመመ። ውሃው ደህና ነው?»

«አላውቅም» አልኋቸው። ዕድሜዬን የተማርሁት ይህንኑ ጥያቄ ለመመለስ ነበር።

ኢንተርኔቱ ሲመለስ የቀድሞውን ቨርዥን በራሱ ፎልደር እንደገና ጭኜ ውጤቱን አነበብሁ። ውሃው ለመጠጥ አይሆንም። ጉድጓዱ በዚያው ቀን ተዘጋ። ልጆቹ ዳኑ፤ የሐጃ የልጅ ልጅ ግን ሆስፒታል ሰንብቶ ነው የወጣው።

በስብሰባ ላይ ኃላፊው «ችግሩን ስለፈቱ» አመሰገኑኝ፤ ተጨበጨበልኝም። እኔ ግን እሳቸው ራሳቸው ሆሞሻ ሄደው ሐጃን ይቅርታ እንዲጠይቁ ሐሳብ አቀረብሁ።

«ለአንድ ፎልደር?» ብለው ሳቁ። ሌሎቹም አብረው ሳቁ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ኃላፊውን በጽሑፍ ካልሆነ አላነጋግራቸውም። ባልደረቦቼ ቂመኛ ይሉኛል። አልተሳሳቱም።