አባቴ ያነበበልኝ ድንጋይ

በስደት አገር፣ ፌርፋክስ ጎዳና ካለው የሐበሻ ምግብ ቤት ተቀምጠን የልጅ ልጄ በስልኳ የሕንድ ድንጋይ አሳየችኝ። ጽሑፍ የተቀረጸበት ጥንታዊ የቡድሃ አማኞች ዓምድ ነው። «አባባ፣ የሚያነበው ጠፍቶ ገበሬው ማጭድ ሲሞርድበት ኖረ። ምን እንደሆነ ያወቁት ገና በቅርቡ ነው» አለችኝ።

ከጓዳ ቢላ ሲሞረድ ሰማሁና ልቤ አገር ቤት ገባ። በእርሻችን ዳር እንዲህ ያለ ባለጽሑፍ ድንጋይ ነበረን። አባቴ ፊደል አልቆጠረም፤ ግን ማጭዱን የሚሞርደው በጀርባው በኩል ነው፣ ጽሑፉን አይነካም። አንድ ቀን «አባዬ፣ ምን ይላል?» አልኩት። የመሞረጃው ውሃ አልቆበት ኖሮ፣ ጣቱን በጽሑፉ ላይ እየጎተተ «ውሃ አምጣ ይላል» አለኝ። አምኜ ሮጥኩ።

«የሕንዱስ ምን ይላል?» አልኳት።

«እናት አባታችሁን ታዘዙ ይላል።»

ለካ አባቴ ማንበብ ይችል ኖሯል። ምነው ዛሬም ጠርቶ ውሃ ባስመጣኝ።