«እግዚኦ» የመሰለኝ የፈረንጅ ቃል

በሁለት ሺህ አሥር ዓ.ም. ስልሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። ጣና ላይ ጀልባ እነዳለሁ፤ ፈረንጅ ከባሕር ዳር ዘጌ አደርሳለሁ። ትምህርቴ ከፊደልና ከዳዊት ግማሽ አላለፈም፤ እንግሊዝኛውን የለቀምሁት ከተሳፋሪ አፍ ነው።

«ዩ ኖው» ሲሉኝ የሚጠይቁኝ እየመሰለኝ፣ ያወቅሁትንም ያላወቅሁትንም «የስ» እላለሁ። ሌላው «ኦ ሺት» ነበር። ጉማሬ ብቅ ሲል ይሉታል፤ ማዕበል ሲረጫቸው ይሉታል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል መጋረጃው ሲገለጥም ይሉታል። አንዷ ባርኔጣዋን ነፋስ ሲወስድባት አለችው። ለሚያስፈራውም፣ ለሚያስገርመውም፣ ለሚያሳዝነውም የሚሆን ቃል እኔ የማውቀው አንድ ነው፤ እግዚኦ። «ኦ»ዋን ደግሞ ከግዕዙ አውቃታለሁ፤ ጌታንም ቅዱሳንንም የምንጠራባት ናት። ስለዚህ ማንንም አልጠየቅሁም። ጠዋት ሞተር ሳስነሳ አማትቤ «ኦ ሺት» እል ጀመር። ፈረንጆቹ ላይፍ ጃኬታቸውን ጠበቅ ያደርጋሉ። አብረውኝ የሚጸልዩ ይመስለኝ ነበር።

ዘጌ ያሉት የነፍስ አባቴ ናቸው ሥዕሉን ለእንግዳ የሚገልጡት። አንድ ቀን «እግዚኦን በቋንቋቸው ምን ይሉታል?» አሉኝ። ነገርኋቸው። ከዚያ ወዲህ መጋረጃውን በገለጡ ቁጥር ይሉታል። «ደስ ይላቸዋል እኮ፣ ይስቃሉ» ይሉኛል።

በዚያ ዓመት እንግሊዝኛ አስተማሪ የሆነችው ልጄ ልትሳለም አብራኝ ሄደች። ቃሉን መጀመሪያ ከኔ፣ ኋላም ፈረንጆች ፊት ከሳቸው ሰማች። በመልሳችን አጠገቤ ተቀመጠች።

«አባባ፣ ለአባ ያንን ቃል ማን አስተማራቸው?»

«እኔ። ምን አጠፋሁ?»

«ትርጉሙን ያውቁታል?»

«እግዚኦ ነዋ።»

ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ሳቋን ተወችው። «ዓይነ ምድር ማለት ነው አባባ። ስድብ ነው።»

«አንቺ ከመጽሐፍ ነው ያወቅሽው፤ እኔ ከአፋቸው ነው።»

«እሺ፣ ዩ ኖው ሲሉዎትስ ምን ይመልሳሉ?»

«የስ ነዋ።»

«እሱ እኮ እንደኛ ‹እንትን› ነው። የሚሉት ሲጠፋቸው ይሉታል እንጂ አይጠይቁም።»

ያን ሁሉ ዘመን «የስ» ስል ቆሞ መልሴን የሰማ አንድ ፈረንጅ ትዝ አላለኝም። ያኔ አመንኋት።

ለራሴስ ብዙም አልፈራሁ። እግዜር የሚሰማው ልብን ነው፤ ልቤ እግዚኦ ሲል ነበር። እሳቸው ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ አፋቸውን ጠብቀው የኖሩ ሰው ናቸው። በኔ የተነሳ በእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆመው ይሣቅባቸዋል። ብነግራቸው ዳግመኛ ዓይኔን ማየት ይጠሉ ይሆናል። ባልነግራቸው መሣቂያ እንደሆኑ ይቀራሉ።

በማግስቱ ጠዋት እንግዳ ሳልጭን ብቻዬን ተሻገርሁ። መጋረጃው ሳይገለጥ ደረስሁ። መስቀላቸውን ተሳለምሁና፣ «አባ፣ ያ ቃል እግዚኦ አይደለም» ብዬ ትርጉሙን በአማርኛ ነገርኋቸው።