ሚስት ልንጠይቅ ሄደን ተጫዋች ስንለዋወጥ ዋልን

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ... ሳን ሆዜ፣ የሰው ሳሎን ውስጥ፣ ሱፍ ለብሼ ቆሜያለሁ። ሽማግሌ ነኝ። ዕድሜዬ ሠላሳ ስድስት ነው፤ ግን ሰባት ሰው የሚይዝ መኪና ስላለኝ ለሽምግልና በቅቻለሁ።

የላከን ናሆም ነው። ከኦክላንድ ወደብ ኮንቴይነር የሚያመላልስ ትራክ ነጂ፣ ቤቴልን አራት ዓመት የጠበቀ ልጅ። አባቷ አቶ ግርማ «እሺ» ካሉ ሠርግ አለ። «እምቢ» ካሉ የለም... ቤቴል አባቴ ሳይመርቀኝ አላገባም ብላ እቅጩን ነግራዋለች።

ሦስት ሆነን ሄድን። እኔ ሾፌሩ። ወንድም አለማየሁ ከቸርቻችን፣ በሕይወቱ «አሜን» ከማለት ውጪ ቃል ሲወጣው ያልሰማሁት። ዋና ተናጋሪያችን ደግሞ ጋሽ ተክሌ።

ጋሽ ተክሌ ስድሳ አራት ዓመታቸው ነው። ቅርጫት ኳስ በእጃቸው ነክተው አያውቁም። ሆኖም ስልካቸው ላይ ተጫዋች የሚያለዋውጥ አፕ ከጫኑ ወዲህ ራሳቸውን በራሳቸው የቡድን ሥራ አስኪያጅ አድርገው ሾመዋል። የሚያሸንፍ ቡድን አይማርካቸውም። እሳቸው የሚወዱት «ሪቢውልድ ላይ ነው» የሚባለውን ነው፤ ማለትም ዛሬ በየቀኑ እየተደበደበ ለነገ ወጣት የሚሰበስበውን። የቡድኖቹን ስም አልጠራም። የወደቀም ቤተሰብ አለው።

ከኦክላንድ እስከ ፍሪሞንት አፑ ላይ ስለፈጠሩት አንድ ልውውጥ ሰበኩን። የሰሜኑ ቡድን የሃያ ዓመቱን ረጅም ልጅ ይሰጣል፤ ከደቡቡ ቡድን ጉልበቱን ሁለት ጊዜ ኦፕራሲዮን የተደረገውን የሠላሳ ሦስት ዓመት ነባር ይወስዳል። ሁለቱም ቡድኖች ከሰንጠረዡ ግርጌ ናቸው። ውኃ እየወሰዳቸው ሰዓት የሚለዋወጡ ሁለት ሰዎች አስቡ።

ፍሪሞንትን ስናልፍ እዚያ ደርሰው የሚናገሩትን አዘጋጅተው እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«አንተ መንገድህን እይ» አሉኝ። «ንግግር የኔ ነው።»

ደረስን። ሥርዓቱን ታውቃላችሁ... ሽማግሌ «አረፍ በሉ» ስለተባለ ዘሎ አይቀመጥም። ጉዳዩን ተናግሮ፣ ተሰምቶ ነው። ጋሽ ተክሌም ደረታቸውን ነፍተው «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። ኮራሁባቸው። ኩራቴ አንድ ደቂቃ አልሞላውም።

ቲቪው ድምፁ ጠፍቶ ክፍት ነበር። የሰሜኑ ቡድን እየተጫወተ ነው፤ እየተሸነፈ ማለቴ ነው። ጋሽ ተክሌ «በእግዚአብሔር ፈቃድ ዛሬ ወደዚህ ቤት የመጣነው...» ብለው ጀመሩና ዓይናቸው ከአቶ ግርማ ትከሻ በላይ ተሻግሮ ቀረ።

«ይህን ቡድን ይከታተላሉ እንዴ?»

«ሃያ ዓመት ሙሉ» አሉ አቶ ግርማ፣ ሐዘን እንደተቀመጠ ሰው።

ጋሽ ተክሌ ሶፋው ላይ ዘፍ አሉ። ጉዳያችን አልተሰማም። ወንድም አለማየሁ «አሜን» ብሎ አጠገባቸው ተቀመጠ።

አርባ ደቂቃ አለፈ። ጋሽ ተክሌ ስልካቸውን አውጥተው ልውውጡን አሳዩ፤ አቶ ግርማ መነጽራቸውን አደረጉ። ጋሽ ተክሌ ነባሩ ለወጣቶቹ ልምድ ያካፍላል ሲሉ፣ አቶ ግርማ መጀመሪያ በዚያ ጉልበቱ ደረጃ መውጣት ይቻል አሉ። ጠዋት ከአልጋ ሲነሱ ግድግዳ የሚይዙ ሁለት አዛውንት የሰው ጉልበት መርማሪ ሆነው ቁጭ አሉ። በጫማዬ የጋሽ ተክሌን እግር ነካሁ... እግራቸውን ሰበሰቡ። ናሆም በየአምስት ደቂቃው ቴክስት ያደርጋል። «እየተነጋገሩ ነው» ብዬ መለስኩለት። ውሸት አልነበረም።

በመጨረሻ ጋሽ ተክሌ ዋጋውን ከፍ አደረጉት። በረጅሙ ልጅ ላይ የመጀመሪያ ዙር የድራፍት ምርጫ ይጨመር አሉ፤ ገና ያልታወቀ ጎረምሳ ቀድሞ የመምረጥ ተራ ማለት ነው።

«እኔ ብሆን ዓይኔን ሳላሽ ነው የምሰጠው» አሉ።

አቶ ግርማ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ያሳደጉትን ልጅ ዓይናቸውን ሳያሹ የሚሰጡ ሰው ናቸው የኔን ልጅ ሊጠይቁኝ የመጡት?» አሉ ቀስ ብለው። «ናሆም የሚማከረው እንዲህ ካለው ሰው ጋር ከሆነ፣ ልጄ እዚያ ቤት ምን ዋጋ ይኖራታል?»

ጋሽ ተክሌ ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ወንድም አለማየሁ አፉን ከፈተ፤ «አሜን» እዚህ ጋ እንደማይገባ ታወቀው መሰለኝ፣ መልሶ ዘጋው። እኔ ለናሆም ምን ብዬ እንደምጽፍ አሰብኩ።

ያኔ ቤቴል የጭማቂ ትሪ ይዛ ከኩሽና ወጣች። ሁሉንም ሰምታለች።

«አባዬ፣ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው» አለች። «አይ አም ኖት ሪቢውልዲንግ።» ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ቡድንህ ሃያ ዓመት ሙሉ ነገን ሲጠብቅ አብሬህ አይቻለሁ። ምን አገኘ?»

አቶ ግርማ ወደ ቲቪው ዞሩ። ቡድናቸው በሃያ ስድስት ነጥብ ተበልጧል። ረጅሙ ልጅ ብቻውን ሄዶ፣ ማንም ሳይነካው፣ ቀለበቱን ሳተ። ቲቪውን አጠፉት።

«ልጁን አውቀዋለሁ፤ ጨዋ ነው፣ እሺ እለዋለሁ» አሉ። «ግን በሥርዓቱ። የዛሬ ሳምንት ቆማችሁ ጠይቁኝ። እሳቸውን ብቻ...» በአገጫቸው ወደ ጋሽ ተክሌ ጠቆሙ። «...ለውጡልኝ።»

ጋሽ ተክሌ እስከ ኦክላንድ ድረስ ተኮሳትረው መጡ። ከመኪናው ሲወርዱ ብቻ «ልውውጡ ግን ትክክል ነበር» አሉኝ።

ለዛሬ ሳምንት ወንድም አለማየሁ ይናገራል ተብሏል። «አሜን» ካለ ይበቃናል። ጋሽ ተክሌን ደግሞ ሽማግሌ ለጎደለበት ቸርች ሁሉ ለልውውጥ አቅርበናቸዋል... እስካሁን የሁለተኛ ዙር ምርጫ እንኳን የሰጠን የለም።