የብርሃን እዝን

እኛ መንደር ሰው ሲሞት ብርሃን ይዋጣል። በሌላው ዘንድ እዝን ማለት ምግብ ይዞ ለቅሶ ቤት መሄድ ነው፤ እኛም ይህን እናደርጋለን። ሶላሩ ከተተከለ ወዲህ ግን ሌላም ተጨምሯል። የየቤታችንን መብራት አጥፍተን ባትሪው የያዘውን ሁሉ እስከ ሥልስቱ ድረስ ለለቅሶ ቤቱ እንለቃለን። ስብሰባ ተቀምጠን የወሰንነው ነገር አይደለም። አንድ ክረምት አንዲት እናት ሞተው ድንኳኑ ጨለማ ሲሆን፣ ጎረቤቶች አንድ በአንድ እየመጡ «የእኔን ቤት አጥፋና ለእነሱ ስጣቸው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነ። ሰው ይኮራበታል። እኔም እኮራበት ነበር።

መንደራችን ከአቃቂ ወጣ ብሎ፣ ከአስፋልቱ በጥቁር አፈር መንገድ የሚገባበት፣ አሁንም ጤፍና ሽምብራ የሚዘራበት ነው። ወደ ፋብሪካዎቹ የሚሄደው ትልቁ የኤሌክትሪክ መስመር በማሳችን ላይ ያልፋል፤ ለእኛ ግን አልወረደልንም። ብዙ ደጅ ከጠናን በኋላ አንድ በጎ አድራጊ ድርጅት ሶላሩንና ባትሪዎቹን ተክሎልን፣ ባለቤትነቱን ለመንደሩ ማኅበር አስረክቦ ሄደ። ጠጋኞቹም ጠባቂዎቹም እኛው ነን። አምስት ሰዎች በፈቃደኝነት እንሠራለን፤ ደመወዝ የሚባል ነገር የለም። እኔን ሰብሳቢ ያደረጉኝ ተምሬ አይደለም፤ ትምህርቴን ያቆምኩት ከአራተኛ ክፍል ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጽዳት ሠራተኝነት ገብቼ፣ ኤሌክትሪክ ክፍሉ የጣለውን አሮጌ መጽሐፍ እያነበብኩ፣ እየነካካሁ፣ እየነዘረኝ ነው ሙያውን የለመድኩት። ልጆቼንም ያሳደግኩት በዚሁ መንገድ ነው። ራስህ ያልሠራኸው ነገር የአንተ አይደለም፤ ደንብ ካለ ደግሞ ከሌላው በፊት አንተ ተገዛለት። ደረቅ ነው ይሉኛል። ትክክል ናቸው።

በለቅሶ ጊዜ መስመሮቹን የማጠፋው እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ፀጉር አስተካካዩ በቀብር ቀን መቁረጫውን ሰክቶ ሲሠራ አገኘሁት። በደንበኛው ፊት ገመዱን ነቅዬ «ጎረቤትህ አስከሬን ታቅፎ ተቀምጧል፤ አንተ ፀጉር ትቆርጣለህ?» አልኩት። መቁረጫውን ወደ ሳጥኑ መለሰ። መንደሩም ደግ አደረግህ አለኝ።

ትልቋ ልጄ ቂሊንጦ አንድ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ትሠራ ነበር። ጠዋት በጨለማ ወጥታ ማታ በጨለማ የምትገባ ልጅ ነበረች። አምና ሥራውን ለቀቀችና ያጠራቀመችውን አውጥታ የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን ገዛች። አሳቡን ስትነግረኝ ብዙ ጠየቅኋት። ማሽኑ ስንት ኃይል እንደሚፈጅ፣ ክረምት ባትሪው ሳይሞላ ሲቀር ምን እንደምታደርግ ሁሉን አስባበታለች። «ጥሩ ነው» አልኳት። ከእኔ አፍ ይህ ብዙ ነው።

እንቁላሉን የሚያመጡት የመንደሩ ሴቶች ናቸው። ጫጩት ሲሆን፣ በከብት እንደሚደረገው፣ ከልጄ ጋር እኩል ይካፈላሉ። እንዳይቀላቀልባቸው ሁሉም ምልክት አደረጉበት፤ አንዷ በከሰል መስቀል፣ አንዷ ክብ፣ አንዷ ሁለት ሰረዝ። ከሁሉ አብልጠው ያመጡት የአጥር ጎረቤታችን ባልቴት ነበሩ። ባላቸው ቀልደኛ ሽማግሌ ናቸው። ማሽኑን ሊያዩ መጥተው ዙሪያውን ከዞሩት በኋላ ልጄን እንዲህ አሏት፦

«ነይ እስቲ፣ ልጠይቅሽ። እነዚህ ጫጩቶች ሲያድጉ እናታችን ማን ናት ቢሉሽ፣ ሶኬቱን ልታሳዪያቸው ነው?»

«እርስዎን ነው የማሳያቸው፣ አባባ። አያታችሁ እኚህ ናቸው እላቸዋለሁ።»

«ኧረ እኔን ከነገሩ አውጪኝ! ኋላ ጥሬ አምጣ ይሉኛል።»

ማሽኑ ሦስት ሳምንት ሙቀቱ ሳይቋረጥ መቆየት አለበት። ልጄ እንቁላሉን በስልኳ መብራት ላይ አስቀምጣ ውስጡን ታሳየኝ ነበር። ጥቁር ነገር ይንቀሳቀሳል። ዕድሜዬን ሁሉ እንቁላል በልቻለሁ፤ ይህን አይቼ አላውቅም ነበር።

ሊፈለፈሉ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ ማለዳ የእድሩ ጥሩንባ ተነፋ። ሽማግሌው ሞቱ።

ከቀብር መልስ ወደ ባትሪው ክፍል ሄድኩ። ሰማዩ እንደ ጠቆረ ነው የዋለው። ልጄ ቀድማኝ በሩ ላይ ቆማለች።

«አባዬ፣ የእኔን መስመር ተወው።»

«ደንቡን ታውቂያለሽ።»

«መስኮቱን በብርድ ልብስ እሸፍነዋለሁ። ማንም አያይም።»

«ማንም ካላየ ነገሩ ይቀናል?»

«ነፍስ አላቸው እኮ! በዓይንህ አይተሃቸዋል።»

አይቻቸዋለሁ። የባትሪውንም መጠን አይቻለሁ። ከድንኳኑ አምፖሎች ጥቂቱ ቢቀነስ ለማሽኗ ይተርፍ ነበር። የጎደለው ኃይል አልነበረም። የጎደለው፣ ሄዶ «ከሐዘናችሁ ላይ አምፖል ቀንሱልኝ፤ ለልጄ እንቁላል ነው» የሚል ሰው ነበር። በስውር ግን አላደርገውም። በስውር ያበራሁት እንደሆነ ከነገ ጀምሮ የማንንም ገመድ ለመንቀል እጅ የለኝም።

«ሄጄ የእድሩን ዳኛ እጠይቃለሁ» አልኳት። መስመሯንም አጠፋሁ። የማሽኗ ማራገቢያ ዝም ሲል ከባትሪው ክፍል አይሰማም፤ እሷ ግን በዚያችው ቅጽበት ወደ ቤት ሮጠች።

ድንኳኑ ሙሉ ነበር። ከቃሊቲና ከአቃቂ የመጣው ዘመድ ስልኩን በየማከፋፈያው ሰክቷል። ከአምስታችን አንዱ የሆነው፣ ከወሎ መጥቶ ከሰፈረ ብዙ ዘመኑ የሆነው ባለ ጭነት መኪና አጠገቤ ተቀመጠ።

«ጀነሬተር አግኝቼልህ ነበር» አለኝ ዝቅ ብሎ። «መኪናው አስፋልቱ ዳር ቆሟል። እዚህ ጭቃ ውስጥ ካስገባሁት ለመስቀል ነው የምታወጣው።»

«በትከሻ ቢመጣ?»

«ወላሂ፣ እሱን በትከሻ የሚያመጣ ሰው ካለ ሽማግሌውንም ያስነሳ ነበር። ይልቅ ለዳኛው ንገረው።»

«እነግረዋለሁ።»

«መቼ? ሲፈለፈሉ? እኔ ልንገረው?»

«ተው። የራሴን ልጅ ጉዳይ በሰው አስነግሬ…»

አልጨረስኩም፤ ዳኛው ከመቀመጫቸው ተነሡ። የሰውን መምጣት አመሰገኑ። ቀጥለውም እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። «ይህ የምታዩት ብርሃን ከየቤቱ የተዋጣ ነው። የሰብሳቢያችን ልጅ እንኳ በጫጩቶቿ አልሳሳችም። ማሽኗን ከሁሉ በፊት ያጠፋች እሷ ናት። እንዲህ ዓይነት ልጅ ያሳደገ አባት ይባረክ!»

«ይባረክ!» አለ ድንኳኑ በሙሉ።

ወዳጄ ዓይኑን ወደ መሬት አደረገ። እኔም ራሴን ዝቅ አድርጌ ምርቃቱን ተቀበልኩ። ከዚያ በኋላ የሚናገር አፍ ከየት ይመጣል?

ኋላ ልጄ እንደነገረችኝ፣ በሴቶቹም በኩል ነገሩ ይኸው ነበር። ሳህን ስታዞር አንዷ ቀሚሷን ይዛ «እንዴት ናቸው?» ትላታለች፤ ሌላዋም እንዲሁ። እንቁላል ያላቸው ሁሉ ያስባሉ፤ ሁሉም ሌላዋ እስክትናገር ይጠብቃሉ። ባለ ሐዘኗ ራሳቸው ካመጡት እንቁላል ጥቂት ክንድ ርቀው ተከናንበው ተቀምጠዋል፤ ለእሳቸው ማን ይንገር?

እኔና ልጄ ውሃ እያፈላን በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተን በትሪዎቹ መካከል ደረደርን። ማሽኑን በጋቢዬ ጠቀለልነው። ጠርሙሱ ቶሎ ይበርዳል፤ ክዳኑን ስንከፍት ደግሞ ያለው ሙቀት ይወጣል። ሠላሳ ዓመት ገመድ የነካ እጄ ጠርሙስ ከማመላለስ ሌላ የሚሠራው አልነበረም። በነጋታው ከውስጥ ቀጭን ጩኸት ተሰማ። ሁለት ጫጩቶች ቅርፊቱን ወግተው ምንቃራቸውን አወጡ። ከዚያ አልገፉም።

«ቅርፊቱን ላግዘው?» አልኳት።

«አይሆንም። ራሱ ካልወጣ አይኖርም» አለችኝ።

ይህን ስትል ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ምንቃሮቹ እየከፈቱ ሲዘጉ እያየን ተቀመጥን፤ ከሰዓት በኋላ ዝም አሉ።

ሥልስቱ ወጥቶ መስመሩን ስመልስ ማሽኑ ሞቀ። ልጄ ሌላ ሁለት ቀን ጠበቀች። ከዚያ እንቁላሎቹን ከጓሮ በኩል ቀበረቻቸው። መስቀሉ፣ ክቡ፣ ሰረዙ ሁሉም አብረው ገቡ።

ከሳምንት በኋላ ባልቴቷን ልጠይቅ ሄድኩ። ገና ሳልቀመጥ፣ «ጫጩቶቼስ? እሱ ሊያያቸው ብሎ ነበር» አሉኝ።

«እትዬ…»

«ምነው?»

«አልተፈለፈሉም። መብራቱን ለድንኳኑ…»

ነጠላቸውን ከፊታቸው ላይ ገፋ አደረጉ። «እኔ ድንኳን ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። መብራት ይኑር አይኑር አላየሁም። ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ሐዘንተኛ እንዴት ይጠየቃል?»

«በጆሮዬ ሹክ ብትሉኝስ? እሱ ቢሰማ እኮ ከሬሳ ሳጥኑ ውስጥ ነው የሚስቅባችሁ።» ሊስቁ ሞከሩ፤ መሐል ላይ ለቅሶ ሆነባቸው። እኔም እያየኋቸው ተቀመጥኩ። ሰውን ማጽናናት አልተማርኩም።

ዳኛው ባሉበት ማኅበሩን ሰበሰብኩ። ለቅሶ ሲሆን ሙቀት የሚፈልግ ማሽን መስመር እንዳይጠፋ፣ ከድንኳኑ ጥቂት አምፖል እንዲቀነስ ሐሳብ አቀረብኩ።

«መልካም» አሉ ዳኛው። «ከማን ድንኳን ነው የምንቀንሰው? እዚህ ከተቀመጥነው የማን ቤት ነው?»

«ከእኔ ይጀመር። እኔ ስሞት ድንኳኔ ጨለማ ይሁን።»

«በስመ አብ! አፍህን በጨው ታጠብ» አለች አንዲት ሴት፤ ራሷ እንቁላል የሞተባት ናት።

«አንተን በጨለማ አልቅሰን በሰው ዘንድ ምን ልንባል ነው?» አለ ባለ መኪናው፤ ሳቅ ሆነ። ሊረዳኝ ፈልጎ ነው የቀለደው፤ አውቃለሁ። እጅ ያወጣ ግን አልነበረም። ሳይወሰን ተበተንን።

ብዙ አሰብኩበት። የሚወቀስ ሰው ፈልጌ አጣሁ። ስስታም ቢኖር በተቆጣሁት፣ ሌባ ቢኖር በከሰስኩት። ሁሉም ያለውን ሰጠ፤ የተሰጠውም የልጄ ሥራ ነበር። ልጆቼን ቅን ሁኑ ስል ኖሬአለሁ፤ ቅንነት ሲጎዳ ምን እንደሚደረግ ግን አላስተማርኳቸውም፤ አላውቀውምና።

መስከረም ሳይጠባ ልጄ ፋብሪካው እንደገና እንደተቀበላት ነገረችኝ። ሴቶቹ «ሌላ እንቁላል እናምጣልሽ» ብለዋት ነበር፤ አመስግና እንቢ አለች። የሠራተኛ ሰርቪሱ አስፋልቱ ላይ ስለሚቆም፣ በመጀመሪያው ቀን እስከ መንገዱ መግቢያ ሸኘኋት። ቆዪ ልላት ፈልጌ ነበር። ምን ይዤ? የሚመጣው ክረምት መንደራችን ውስጥ ሰው አይሞትም ብዬ ቃል አልገባላት ነገር።

«ጭቃ ነው፤ ተመለስ አባዬ» አለችኝ። ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘችና ሄደች።